ሥዕሉ ላይ ያጋነናችሁትን ንገሩን

ይድረስ ለሳይንስ መማሪያ መጻሕፍት ዝግጅት ኃላፊ

ጤና ይስጥልኝ። በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። የምድር ሳይንስ ያለ ሥዕል አይሆንም። ከምድር ቅርፊት ሥር ያለው ወፍራም የዓለት ንብርብር፣ ማንትል፣ 2,900 ኪሎ ሜትር ወርዶ የሚያበቃበትን ያየ ሰው የለም፤ ስለዚህ መሳል ግድ ነው። ቅር የሚለኝ ሥዕሉ ለማስረዳት ብሎ ያጋነነውን ሳይናገር ማለፉ ነው።

ያቺን ለሁለት የተገመሰች ምድር ያውቋታል። ማንትሏ ሁሌም ደማቅ ቀይ ነው፣ የሚንተከተክ ነገር ይመስላል። ተማሪው አይቶ «ከእግራችን በታች የቀለጠ ዓለት ባሕር አለ» ቢል ምን ይፈረድበታል? ማንትል ግን ከሞላ ጎደል ጠጣር ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ከሚያስነሳቸው ሞገዶች አንዱ፣ ኤስ የሚባለው፣ በፈሳሽ ውስጥ አያልፍም፤ ማንትሉን ግን አቋርጦ ይሄዳል፣ የሚቆመው ከማንትል ሥር ያለው ንብርብር፣ ውጫዊው ኮር፣ ላይ ሲደርስ ነው፣ ፈሳሹ እሱ ነዋ። ማንትል አይንቀሳቀስም እያልኩ አይደለም። ጠጣር እንደሆነ፣ በዓመት በሴንቲ ሜትር በሚቆጠር ፍጥነት ይንፏቀቃል። ሥዕሉ ላይ እንቅስቃሴውን የሚያሳዩት ቀስቶች ይህን አይናገሩም።

የላዩ ቅርፊትም ያው ነው። የምድር ሬዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ነው። ገጹ ላይ በ10 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ብንስላት፣ 35 ኪሎ ሜትር የሚወፍር የአህጉር ቅርፊት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። መጽሐፉ ላይ ጣት ያክላል። ማወፈራችሁን አልቃወምም፣ ካልወፈረ ምን ይታያል? «አወፍረነዋል» ብላችሁ ጻፉበት ነው የምለው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የወቅቶች ሥዕል ነው። ምድር ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ፣ ምህዋሩ፣ ልጥጥ ያለ ሞላላ ሆኖ ይሳላል፣ ከዚያ ልጁ «የሚሞቀን ለፀሐይ ስንቀርብ ነው» ይላል። ምህዋሩ እኮ በዓይን ቢታይ ከክብ አይለይም! ርቀቱ የሚዋዥቀው ከ147 እስከ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ይባስ ብሎ፣ በጣም የምንቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ፣ ሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ በሚበርደው ጊዜ ነው። ወቅት የሚያፈራርቀው የምድር ዘንግ በ23.5 ዲግሪ ገደማ መዝመሙ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ምኑ እንደተጋነነ፣ የትኛው ቀለም እንዲሁ ለመለያ እንደተቀባ አንድ መስመር ይጻፍ። ከጎኑ ልኬቱን የጠበቀች ትንሽ ሥዕል ትቀመጥ። ከኅትመት በፊት ደግሞ ለተወሰኑ ተማሪዎች አሳዩና «ገባችሁ?» ሳይሆን «ምን አያችሁ?» በሏቸው። ሁሉንም በአንዴ ማረም ከከበደ፣ በሚቀጥለው እትም ከእነዚህ ከሁለቱ ሥዕሎች፣ ከተገመሰችው ምድርና ከወቅቶቹ፣ ጀምሩልን።