ለከርነል ቡድናችን አባላት፦ አንድ ፓች በሁለት ብራንች

ሰላም ለሁላችሁ፣ ቅዳሜ ለገጣፎ ከመገናኘታችን በፊት ብራንቾቻችሁን (ጎን ለጎን የሚሄዱ የኮድ መስመሮቻችሁን) ፈትሹ። አንድ ፓች (የኮድ ለውጥ) ለጥገናውም (የአሁኑ ስሪት ስህተት ለሚታረምበት) ለቀጣዩም (ለሚመጣው ስሪት) ብራንች ለየብቻ ሲገባ ሁለት የኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) መለያ ይይዛል። ይዘቱ አንድ ከሆነ ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ፕሮግራም) ብራንቾቹን ሲያዋህድ ዝም ብሎ ያልፋል፤ በአንዱ ብራንች ሌላ ፓች እነዚያኑ መስመሮች ከነካ ግን ግጭት ይፈጠራል። የባሰው አደጋ ስቴብል (ለወጡ የከርነል ስሪቶች እርማት የሚገባበት ብራንች) ላይ ነው፦ የፓቹ ድጋሚ እንደ አዲስ ይታያል፣ ፋይሉ ውስጥ ተመሳሳይ ፈንክሽን ካለ እዚያ ያርፍና ያልተያዘ ሎክ (አንድን ዳታ ሁለት ሥራዎች በአንዴ እንዳይነኩት የሚከለክል ቁልፍ) ይፈታል።

ከመላካችሁ በፊት ኮሚቶቻችሁን ከሌላ ብራንች ጋር የሚያነጻጽረውን ትእዛዝ «ጊት ቼሪ» አስኪዱ። የመቀነስ ምልክት ያለበት ኮሚት በወዲያኛው ብራንች አለ ማለት ነው። በዙሪያው ያለው ኮድ ከተለወጠ ግን መደመር ያሳያል፤ ስለዚህ በኮሚቱ ርዕስም ፈልጉ።

ጥገናውን በጥገናው ብራንች ብቻ አስገቡና ያንን ወደ ቀጣዩ አዋህዱ። መድገም ግድ ከሆነ «ቼሪ-ፒክ»ን (ኮሚትን ወደ ሌላ ብራንች የሚቀዳውን ትእዛዝ) በ«-ኤክስ» አድርጉት፣ የመጀመሪያው መለያ መልእክቱ ውስጥ ይመዘገባል። ሰው የወሰደውን ብራንች እባካችሁ ሪቤዝ አታድርጉ (ኮሚቶቹን በሌላ መሠረት ላይ እንደገና አትሥሩ)።