ግልጽ ደብዳቤ፦ ፓምፑ በሪፖርት ላይ አለ፤ ውኃው ግን የለም

ለትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ግልባጭ፦ ለውኃ ጽሕፈት ቤት

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

በአንድ አነስተኛ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን በመዝገብዎ ላይ «ውኃ አለው፣ መጸዳጃ ቤት አለው» ተብሎ እንደተመዘገበ አውቃለሁ፤ ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝና። ቅጹ የሚጠይቀው ተቋሙ መኖር አለመኖሩን ብቻ ስለሆነ፣ በግቢያችን የቆመውን የእጅ ፓምፕ አይቼ «አለ» በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ፓምፑ በዚያን ዕለትም ውኃ አይሰጥም ነበር።

የተበላሸው ትልቅ ነገር አይደለም። በቧንቧው ውስጥ ከፍ ዝቅ እያለ ውኃውን የሚስበው ፒስተን ዙሪያውን የሚይዝ ጎማ አለው፤ ጎማው ሲያልቅ ውኃው ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ተመልሶ ይወርዳል። መጀመሪያ ልጆቹ እጀታውን አሥር ጊዜ ያህል ሲጫኑ ውኃ ይመጣላቸው ነበር፤ ቆይቶ ሠላሳ ጊዜ ሆነ፤ በመጨረሻም ሁለት ሆነው ቢንጠለጠሉበት የሚሰማው የብረት መንጓጓት ብቻ ሆነ። እንዲህ ያለው ጎማ ባለቀ ቁጥር እንዲቀየር ታስቦ የተሠራ ነው። ለትምህርት ዘርፉ ስናመለክት ፓምፕ የውኃ ሥራ ነው ተባልን፤ ለውኃ ዘርፉ ስናመለክት ደግሞ በትምህርት ቤት ግቢ ያለ ንብረት የትምህርት ቤቱ ነው የሚል ምላሽ ደረሰን። ሁለቱም ደብዳቤዎች ማኅተም አላቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ለትምህርት ቤቶች ያወጣው መመሪያ ለአንድ የቀን ተማሪ ወይም ሠራተኛ በቀን 5 ሊትር ውኃ ይላል። 300 ሰው ላለበት ትምህርት ቤት ይህ 1,500 ሊትር፣ ማለትም 75 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ልጆች ከቤታቸው በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚይዙት ውኃ ለጥማቸው እንኳ ስለማይበቃ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀረው እጅ መታጠብ ነው።

ይኸው መመሪያ ለ25 ሴት ተማሪዎች አንድ መጸዳጃ፣ ለ50 ወንዶች ደግሞ አንድ መጸዳጃና አንድ የሽንት መሽኛ ያስቀምጣል። ቁጥሩ ቢሟላም በሩ የማይዘጋ ከሆነ ለሴቶቹ እንደሌለ ነው። የእኛዎቹ ልጃገረዶች መቀርቀሪያው ስለወለቀ ሁለት ሁለት ሆነው ይሄዳሉ፤ አንዷ ስትገባ ሌላዋ በሩን ከውጭ በጀርባዋ ደግፋ ትይዛለች። ከፍ ባሉት ክፍሎች የሚማሩት የወር አበባ በሚመጣባቸው ቀናት የሚታጠቡበት ውኃ ስለማያገኙ ከቤት መዋልን ይመርጣሉ። እኔም በስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» ብዬ አልፋለሁ፤ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ የለውምና።

የምንጠይቅዎ አዲስ ግንባታ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ በሚያካሂዱት ክትትል አንድ ትምህርት ቤት መሠረታዊ የውኃ አገልግሎት አለው የሚባለው፣ ከብክለት የሚጠበቅ ምንጭ ስላለው ብቻ ሳይሆን ቅኝቱ በሚደረግበት ጊዜ ውኃው ሲገኝ ነው፤ መጸዳጃ ቤቱም ለሴትና ለወንድ የተለየና የሚሠራ፣ የእጅ መታጠቢያውም ውኃና ሳሙና ያለው መሆን ይኖርበታል። የእርስዎም ቅጽ በዚሁ መንገድ እንዲጠይቅ፣ የጥገናው ኃላፊነት ከሁለቱ ጽሕፈት ቤቶች የየትኛው እንደሆነ በጽሑፍ እንዲወሰን፣ ለመለዋወጫም በየዓመቱ በጀት እንዲያዝ እንጠይቃለን። መቀርቀሪያውን ከወላጆች ጋር ሆነን እንሠራለን። ቧንቧውን ከጉድጓድ አውጥቶ ጎማውን መቀየር ግን ባለሙያ ይፈልጋል፤ ጉድጓዱም ሥራ ፈትቶ ስለቆየ በክሎሪን ሳይታከምና ውኃው ሳይመረመር ልጆቹ ሊጠጡት አይገባም።

ቅጹ የሚሞላበት ጊዜ ደርሷል። ዘንድሮ «የለም» ብዬ እሞላለሁ፤ ቁጥሩ ከአምናው ለምን ቀነሰ ተብለው ከተጠየቁ ይህን ደብዳቤ በማብራሪያነት እንዲያያይዙት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ መምህር