የሸክላ ሥራ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ስስና ወጥ ዝርግ ለማግኘት

የሸክላ ሥራ ክበብ የዘንድሮውን የትምህርት ዘመን ያሳለፈው በአንድ ሥራ ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ እርሱም ጭቃን ከዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት ያለው ስስ ዝርግ አድርጎ መዳመጥ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ያወጣነው ዕቅድ ባለ ክዳን ሣጥን፣ የአበባ ማስቀመጫና የግድግዳ ንጣፍ መሥራትን የሚያካትት ነበር። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ ከዝርግ የሚሠሩ በመሆናቸውና የመጀመሪያዎቹ ሥራዎቻችን ገና እቶን ሳያዩ በማድረቂያው መደርደሪያ ላይ ጎብጠውና ተሰንጥቀው በመገኘታቸው፣ ዕቅዱን አቆይተን ከመሠረቱ ለመጀመር ወሰንን። ውሳኔው ትክክል እንደነበር ዛሬም አምናለሁ።

ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ አንዱን ዝርግ ገና እርጥብ ሳለ በሽቦ ለሁለት ቆረጥነው። ጎኑ ሲታይ መካከሉ እንደ ጣት የወፈረ፣ ዳርና ዳሩ ደግሞ ስለት እስኪመስል የሳሳ ነበር። ተማሪዎቹ ይህን በዓይናቸው ካዩ በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገም። መዳመጫው፣ ማለትም ጭቃው ላይ የሚንከባለለው ድቡልቡል እንጨት፣ ከጭቃው ዳር ሲወርድ የእጅ ክብደት ሁሉ ጠርዙ ላይ ስለሚያርፍ ጠርዙ ይሳሳል፤ የሳሳው ክፍል ቀድሞ ይደርቃል፣ ቀድሞም ይኮማተራል፤ መካከሉ ግን ገና እርጥብ ስለሆነ አብሮት አይሄድም፤ በዚህ መሳሳብ ዝርጉ ወይ ይጎብጣል ወይ ይሰነጠቃል። መፍትሔው ቀላል ነው። ውፍረታቸው እኩል የሆነ ሁለት ጠባብ ጣውላዎች በጭቃው ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፤ የመዳመጫው ሁለት ጫፎች በጣውላዎቹ ላይ ሲሄዱ ጭቃው ከእነርሱ ውፍረት በታች ሊወርድ አይችልም። እኛ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ጣውላ መረጥን። ድቡልቡሉን ጭቃ በአንድ ጊዜ እዚያ ለማድረስ መታገል ግን ክንድ ከማድከሙም በላይ ጭቃውን ይቀድደዋል። ስለዚህ በደንብ የታሸውን ጭቃ አስቀድመን በመዳፍ ጠፍጠፍ እናደርገዋለን፤ በየጎኑ ሦስት ሦስት ጣውላ ደርበን እንጀምርና፣ አንድ አንዱን እያነሣን ከ18 ወደ 12፣ ከ12 ወደ 6 ሚሊ ሜትር እናወርደዋለን።

ከጣውላው ይልቅ ብዙ ሳምንት የወሰደብን የአዳመጡ ስልት ነው። የሸክላ አፈር ቅንጣት በዓይን የማይታይ፣ ከ2 ማይክሮ ሜትር የሚያንስና በአመዛኙ የጠፍጣፋ ቅርፊት መልክ ያለው ነው። ጭቃው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሲዳመጥ ቅርፊቶቹ ወደዚያው ይሰለፋሉ፤ በሚደርቅበት ጊዜም መኮማተሩ በርዝመቱና በወርዱ እኩል አይሆንም። በዚህ ምክንያት ከመካከል ወደ ዳር መዳመጥ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ካመላለሱ በኋላ ዝርጉን ሩብ ዙር ማዞር፣ ከዚያም ከሥሩ ከተነጠፈው ሸራ አላቅቆ መገልበጥ የክበቡ ሕግ ሆነ። ፊቱ ላይ አረፋ ከታየ በመርፌ ይወጋና በጣት ይታሻል። ሲጨረስ ሁለቱንም ፊት በለስላሳ የጎማ ቁራጭ በየአቅጣጫው ጫን እያልን እናብሳለን፤ ይህም የሸራውን ድርና ማግ ምልክት ከማጥፋቱ ባሻገር የላይኛውን የጭቃ ገጽ አጥብቆ ስንጥቅን ይቀንሳል።

ከሁሉ የበለጠ ያስተማረን ግን በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት የደረሰ አንድ ጉዳይ ነው። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች አባላችን እጅግ ያማረ ዝርግ ዳምጣ፣ ወደ መደርደሪያው ለመውሰድ አንዱን ጥግ በሁለት ጣቷ ይዛ ብድግ አደረገችው። ጥጉ ታጠፈ፤ ወዲያውኑ በመዳፏ መልሳ ደለደለችው፤ ቀርበን ስናየውም አንዳች ምልክት አልነበረበትም። ከሳምንት በኋላ ደርቆ ስናገኘው ያው ጥግ ከሰሌዳው ተነሥቷል፤ ከእቶን ሲወጣ ደግሞ በሥሩ እርሳስ ያሳልፍ ነበር። ሸክላ ሠሪዎች ጭቃ ያስታውሳል የሚሉት ይህንኑ ነው። ተማሪዋ ንጣፉን አልጣለችውም፤ አዲስ አባል በመጣ ቁጥር እርሳሱን በጥጉ ሥር እያሳለፈች ታሳያለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ዝርግ በእጅ የሚያነሣ የለም፤ በሁለት ሰሌዳዎች መካከል አድርገን እንገለብጠዋለን፣ በሰሌዳው ላይ እንዳለም እናጓጉዘዋለን።

ማድረቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዝርጉን ከላይና ከታች ጋዜጣ አልብሰን በሁለት የጂፕሰም ሰሌዳዎች መካከል እናስቀምጠዋለን፤ ጂፕሰሙ እርጥበቱን ከሁለቱም ፊት እኩል ይመጥጣል፣ ክብደቱም ጠርዙ እንዳይነሣ ይይዘዋል። ቅርጽ የምንቆርጠው ጭቃው እንደ ቆዳ ጠንከር ሲል ብቻ ነው፤ ለስላሳ ሳለ የተቆረጠ ጠርዝ በቢላው ይጎተታልና። በየዝርጉ ጥግ ላይ በመርፌ የ10 ሴንቲ ሜትር መስመር እንጭራለን፤ ሲደርቅና ከእቶን ሲወጣ እየለካን መኮማተሩን በመዝገብ እንይዛለን። ብዙ የሸክላ አፈር ዓይነቶች ከእርጥብነት እስከ መጨረሻው ጥብሳት ድረስ ከመቶ 10 እጅ ያህል ስለሚኮማተሩ፣ የሣጥን ክዳንና ገላ ከአንድ ጭቃ፣ በአንድ ቀን ተዳምጠው አብረው መድረቅ እንዳለባቸው አባላቱ ከዚህ መዝገብ ተረድተዋል።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ሣጥኖቹና ንጣፎቹ ተሠርተው ለዕይታ ቀርበዋል። የደረቀ ሸክላ ብናኝ የያዘው ሲሊካ የተባለ ማዕድን ለሳንባ ጎጂ በመሆኑ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በመጥረጊያ ያላጸዱትን አባላት በዚህ አጋጣሚ አመሰግናለሁ።

በዓመቱ መገባደጃ ላይ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ለመውረድ ሞክረናል። ዝርጉ ይህን ያህል ሲሳሳ ከሸራው ሲላቀቅ በራሱ ክብደት ስለሚለጠጥ፣ ከሰሌዳ ላይ ገልብጠን ዝርጉን ከሸራው ሳይሆን ሸራውን ከዝርጉ በዝግታ መላጥ ጀመርን። ይህ ዘገባ በሚጻፍበት ጊዜ አራት እንዲህ ያሉ ዝርጎች በሰሌዳዎቹ መካከል ይገኛሉ፤ ጋዜጣቸውን ለመለወጥም ሁለት አባላት ፈተና ካለቀ በኋላም በየቀኑ እየመጡ ነው።