የጎረቤቴን ፎቶ አውርዱልኝ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ድሮ አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ይገዛ ነበር፣ አሁን እኔ በስልኬ አነበዋለሁ። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ከፍቶኝ ነው የምጽፈው፤ ቃል ቢጠጥርብኝ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ከበዓሉ በፊት አንድ ፎቶ አውጥታችሁ ነበር። ሴቶች ተሰልፈዋል፣ እያንዳንዳቸው አምስት ሊትር ዘይት ይዘዋል፣ ከኋላቸው የለጋሹ ድርጅት ባነር ተወጥሯል። ከግራ ሦስተኛዋ ጎረቤቴ ናት። ጨርቆስ ውስጥ በአንድ ግቢ ነው የምንኖረው። የቀበሌ ቤት ነው፣ በመሀላችን አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ አለ፣ ስታስል እሰማታለሁ። ፎቶው ላይ ዘይቱን ደረቷ ላይ አቅፋ ነጠላዋን እስከ አፏ ስባዋለች። ዓይኗ ግን ይታያል። የሚያውቃት ሁሉ አወቃት።

ልጇ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ፎቶው በቴሌግራም ዞሮ ዞሮ ክፍሏ ድረስ ገባ። ምን እንዳሏት አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ሁለት ቀን ትምህርት ቤት አልሄደችም። እናቷ «አሞሻል እንዴ?» ብትላት ግድግዳውን ዞራ ተኛች።

አሁን የዚያን ቀን ውሎ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ፎቶው ይሄን አይናገርም። ጎረቤቴ በየሰው ቤት ልብስ እያጠበች ነው ልጆቿን የምታሳድገው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተሰለፉ ተባሉ። እንግዶቹ እስኪመጡ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሙ። የዚያን ቀን የምታጥብበት ቤት ቀረ፣ የቀን ገቢዋም ቀረ። እደላው ሲጀመር ደግሞ ካሜራ የያዘው ልጅ «እናቶች፣ ፈገግ በሉ እንጂ!» አላቸው። ይሄንን ስትነግረኝ እሷ አልተናደደችም። እኔ ነኝ የተናደድኩት።

ዘይቱና ዱቄቱ አልጠቀማትም አልልም። ጠቅሟታል። በዚህ የኑሮ ውድነት አምስት ሊትር ዘይት ቀላል ነገር አይደለም፣ ያመጡትንም እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን ያን ሰሞን በጣም የቸገራት ሌላ ነገር ነበር። የደም ግፊት ኪኒኗ አልቆ ነበር። ጤና ጣቢያው የለም አላት፣ የግል ፋርማሲው ዋጋ ደግሞ ከአቅሟ በላይ ሆነባት። ሦስት ሳምንት ያለ መድኃኒት ቆይታለች። ከዱቄቱ ግማሹን ለባለሱቁ በርካሽ ሸጠችና ኪኒኗንና የመብራት ካርድ ገዛችበት። ይሄን ያየ ሰው ደግሞ «እርዳታ ትሸጣለች» ብሎ አወራባት። ምን ቸገረሽ ብሎ የጠየቃት ግን ማንም የለም። እኔ ራሴ ነርስ ሆኜ፣ ግድግዳ ለግድግዳ እየኖርኩ፣ ኪኒኗ ማለቁን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ስጠይቃት «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ነበር መልሷ።

ይሄ «ተመስገን» የሚባለው ነገር ሩቅ አገር የሰማሁትን አስታወሰኝ።

ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካን ሲያምስ የአፍሪካ ኅብረት ለአባል አገሮቹ የጤና ባለሙያ ላኩ ብሎ ጥሪ አቀረበ። በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ከአገራችን ከመቶ በላይ ሰው ሄደ፣ እኔም አንዷ ነበርኩ። የዚያን ዓመት ገና ሴራሊዮን ውስጥ ነው ያለፈን። ያ በሽታ በጊኒ ከጫካ ዳር ካለች ትንሽ መንደር ተነስቶ ላይቤሪያንና ሴራሊዮንን አዳረሰ፤ ከ28,600 በላይ ሰው ይዞ ከ11,300 በላይ ገደለ። ሴራሊዮን ያኔ ከ11 ዓመት ጦርነት የወጣች ገና አሥራ ምናምን ዓመቷ ነበር፣ ሐኪሟ በጣት የሚቆጠር ነው፣ ከነዚያው ላይ ከ200 በላይ የጤና ሠራተኛ በኢቦላ አለቀባት። ሰው ድሃ ሲሆን በሽታ ብቻውን እንደማይመጣ እዚያ አየሁ። ትምህርት ቤቱ ለወራት ተዘጋ፣ ገበያው ተቀዛቀዘ፣ መጨባበጥ ራሱ ተከለከለ።

እዚያ «እንዴት ነሽ» ስትያቸው በክሪዮ ቋንቋ «አ ቴል ጋድ ቴንኪ» ይላሉ። እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ ማለት ነው፣ የኛው «ተመስገን» ቁጭ ብሏል። ልጇን ትናንት የቀበረች ሴትም ትለዋለች። መጀመሪያ ጊዜ እውነት መስሎኝ በቅጼ ላይ «ችግር የለም» ብዬ ሞላሁ። በኋላ አብራን የምትሠራ የአገሩ ነርስ ነገረችኝ፦ ሁለተኛ ጠይቂያት፣ ቁጭ ብለሽ ጠይቂያት፣ ስለ ልጆቿ አውሪና ከዚያ ጠይቂያት። ከዚያ በኋላ ነው መልስ ማግኘት የጀመርኩት።

በዋተርሉ፣ ከፍሪታውን ወጣ ብላ ባለች ከተማ፣ ያየሁትን አንድ ቤት ልንገራችሁ። ባልየው በኢቦላ ሞቷል። ሕጉ ንክኪ ያለው ቤተሰብ በሙሉ 21 ቀን ከቤት እንዳይወጣ ነበር፣ ቤቱ ዙሪያውን በገመድ ይታጠራል፣ በሩ ላይ ፖሊስ ይቆማል። ምግብ ይመጣላችኋል ተባሉ። በስድስተኛው ቀን መጣ። ሩዝ፣ ክክና ዘይት ነበር። ጨው የለም፣ በርበሬ የለም፣ ከሰል የለም። ሴትየዋ ከገመዱ ወዲያ ሆና ከረጢቱን እያሳየችኝ «እህቴ፣ ጥሬ ሩዝ ያለ ከሰል ምን ይሆንልኛል?» አለችኝ። ሩዝ ለነሱ እንደኛ እንጀራ ነው፣ ሌላ ነገር ጠግበው እንኳን ሩዝ ካልቀመሱ ዛሬ አልበላሁም ነው የሚሉት። ሩዙ መጥቶላት ልጆቿ ጾማቸውን እያደሩ ነበር።

ያኔ በየስብሰባው ሰዎች ገመዱን እየጣሱ የሚወጡት በሽታውን ስላልተረዱት ነው ይባል ነበር። ማስተማሪያ ፖስተር በብዛት ታተመ። እሷ ግን በሽታውን ከኔ እኩል ታውቀዋለች፣ ባሏን የነጠቃት እሱ ነው። አንድ ሌሊት ገመዱን አልፋ የወጣችው ከሰል ፍለጋ ነው።

ችግሩን የፈቱት የኦሱሱ ጓደኞቿ ናቸው። ኦሱሱ እቁብ ነው፣ ልክ እንደኛው፣ የገበያ ሴቶች በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይጥሉና በተራ ያወጣሉ። ሰብሰብ ማለት ተከልክሎ ነበርና ዕጣው ቆሟል። ሴቶቹ ግን ጠዋት ጠዋት አንዳቸው እየመጡ ከገመዱ አጠገብ ባለ ድንጋይ ላይ በፌስታል ከሰል፣ በርበሬና ትንሽ የደረቀ ዓሣ አስቀምጠው ይመለሱ ነበር። አይነካኩም፣ አይቀራረቡም። «ዛሬ ምን ጎደለ?» ብለው ከሩቅ ይጮኻሉ፣ እሷም ትጮኻለች፣ በማግስቱ ያለችውን ይዘው ይመጣሉ።

ፎቶ አንሺዎችም ይመጡ ነበር። ከገመዱ ወዲህ ቆመው ያነሷታል። እሷ ካሜራ ባየች ቁጥር ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጥ ነበር፣ ልጆቹንም ታዞራቸዋለች። አንድ ቀን «ፎቶውን ማነው የሚያየው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?

እኛ በሕክምና ማዕከሉ ከራስ ጸጉራችን እስከ እግር ጥፍራችን ተሸፍነን ስለምንገባ በሽተኞቹ ፊታችንን አያዩም፣ ዓይናችንም በመነጽር ውስጥ ነው። ስለዚህ ስማችንን በማርከር ሽርጣችን ላይ እንጽፍ ነበር። አንድ ልጅ፣ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ስሜን ከሽርጤ ላይ ካስነበበ በኋላ ስገባ ሁሌ በስሜ ይጠራኝ ነበር። ያቺን ሴትና ይሄን ልጅ ባሰብኩ ቁጥር የሚከነክነኝ ነገር አለ። እኛ ማን እንደሆንን እንዲያውቁ ስማችንን ለነሱ ነበር የጻፍነው። የነሱ ፊት ግን ለማያውቁት ሰው ነበር የሚላከው።

ሴራሊዮን ጥቅምት 27 ቀን 2008 ዓ.ም. ከኢቦላ ነፃ ነሽ ተባለች። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ተመልሼ ነበር፣ ዜናውን ክሊኒክ ውስጥ በሬዲዮ ሰምቼ አለቀስኩ። እና ባለፈው ጎረቤቴ የናንተን ፎቶ ከልጇ ስልክ ላይ አሳይታኝ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ይሄን ማነው የሚያየው?»

ደግሞ ለጋሾች ማስረጃ ይፈልጋሉ ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ የሰጡት ገንዘብ የት እንደገባ ማወቅ መብታቸው ነው። ግን ማስረጃ ፊት ብቻ አይደለም። ፊርማ አለ፣ መዝገብ አለ፣ የተቆለለውን ዘይት ማንሳት ይቻላል፣ የግድ ሰው ካስፈለገ ከጀርባ ማንሳት ይቻላል። ከሁሉ በፊት ደግሞ «ላንሳሽ ወይ?» ማለት ይቻላል፣ ግን እርዳታው ከተሰጣት በኋላ፣ እምቢ ብትል ምንም እንደማይቀርባት ነግሯት። ዘይቱ ከካሜራው ጀርባ ሆኖ «ፈቃደኛ ነሽ?» ቢሏት እሷ ምን ትላለች?

የአሰጣጡም መንገድ ሊቀየር ይችላል። ሴራሊዮን ውስጥ መጀመሪያ ላይ ኢቦላን ለመከላከል የተሰማሩት ሠራተኞች የአደጋ አበል በእጅ ነበር የሚከፈለው። ሰልፍ፣ መዘግየት፣ የሌለ ሰው ስም፣ በመጨረሻም የሥራ ማቆም አድማ። ወደ ሞባይል ክፍያ ሲዞር አድማው በጣም ቀነሰ። እኛ ጋ ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የጎረቤቴ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፣ ግን *127# ብላ ልብስ ያጠበችበትን ብር ትቀበልበታለች። የዘይቱና የዱቄቱ ዋጋ እዚያ ቢገባላት የሥራ ቀኗ አይቀርም ነበር፣ ኪኒኗንም በወቅቱ ትገዛ ነበር። በእርግጥ ገበያ ላይ ዕቃ ሲጠፋ ገንዘብ ብቻውን አይበቃም፣ ዱቄቱ ይሻላል። እሱንም ቢሆን እነሱን መጠየቅ ነው።

ማንን እንጠይቅ ለሚል ድርጅት፣ እድር አለ። የእድራችን ዳኛ ጋሼ በቃላቸው ያውቁታል፤ የማን ልጅ ምግብ ሳይቋጠርለት እንደሚሄድ፣ የማን ኩላሊት እንደታመመ፣ ማን ክፍያ ሦስት ወር እንዳቋረጠና አፍሮ እንደቀረ። የኤችአይቪ ዘመን ላይ ብዙ እድሮች ለቀብር ብቻ መዋጣቱ አይበቃም ብለው የታመመ ማስታመምና ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ የጀመሩት ማንም አዝዟቸው አይደለም። እድርም እንከን የለውም አልልም፣ መዋጮ መክፈል ያልቻለ ሰው ይወጣል፣ በጣም የደኸየው ደግሞ እሱ ነው፣ በኪራይ የመጣ አዲስ ሰውም ይዘለላል። አሁን ደግሞ ሰፈር ሲነሳ ሰዉ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይበተናል፣ የእድሩ መዝገብ አድራሻው የማይታወቅ ስም ብቻ ይሆናል። ቢሆንም ጠዋት መጥቶ ማታ ከሚሄድ መኪና በላይ ሰዉን ያውቀዋል።

ይሄ ሁሉ አሁን የበለጠ የሚያስፈልገው እርዳታው እየመነመነ ስለሆነ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2017 ዓ.ም. አብዛኛውን የውጭ እርዳታውን አቆመ፣ ሰኔ 24 ቀን ደግሞ የእርዳታ ድርጅቱ ዩኤስኤአይዲ ሥራውን አቁሞ ተዘጋ። የኛ አገር ከሰሃራ በታች ካሉት ከፍተኛውን ድጋፍ ከሚያገኙት አንዷ ነበረች፣ የምዕራብ አፍሪካ አገሮችም በዚያው ተመቱ። የነበረው ሲጎድል ያለችውን ትንሿን በሰው ክብር ላይ ማባከን ያመኛል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይሄን ነው። ያንን ፎቶ ከድረ ገጻችሁና ከቴሌግራም ቻናላችሁ ላይ አውርዱልኝ። የሄደው ሄዷል፣ አውቃለሁ፣ ግን እናንተ ጋ አይቆይ። ከዚህ በኋላ ማዕድ ማጋራት ስትዘግቡ የተረጂውን ፊት አታውጡ። ሪፖርተራችሁ ድርጅቱን ምን ያህል ሰጣችሁ ብሎ ብቻ አይመለስ፣ ይሄንን ለመስጠት ማንን ጠየቃችሁ፣ ሰዎቹ ስንት ሰዓት ቆሙ፣ ለምን ከበዓል በኋላ ባለው ወር አልመጣችሁም ብሎ ይጠይቅልን። ከበዓሉ በኋላ ያለው ወር ነው የሚከብደው።

ልጅቷ ሰኞ ትምህርት ቤት ተመልሳለች። አብሬያት እስከ በሩ ድረስ ሄድኩ። መንገድ ላይ ስለ ፎቶው ምንም አላወራንም፣ ስለ ባዮሎጂ ፈተናዋ ነው ያወራነው። በሩ ጋ ስንደርስ «ያወርዱታል ብለሽ ታስቢያለሽ?» አለችኝ። ማታ ትጠይቀኛለች።

አክባሪያችሁ
ነርስ፣ ከጨርቆስ፣ አዲስ አበባ