ከአሕመዳባድ ለአባቴ፦ ስለ ሐሙሱ ጉብኝት

አሕመዳባድ፣ ጉጃራት፣ ህንድ
ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ፤

እንደምን ከርመዋል? እማዬስ እንደምን አለች? ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሰሞኑን ዲዋሊ የሚሉት የመብራት በዓል ስለ ነበር ከተማው ሌሊቱን ሙሉ ርችት ሲተኮስበት ሰነበተ፤ አሁን ግን ረጭ ብሏል፣ ሙቀቱም እየቀለለ ነው። በታኅሣሥ ስትመጡ አየሩ ለእናንተ የሚስማማ ይሆናል።

ባለፈው በስልክ እንደ ተነጋገርነው፣ የልብ ምርመራው ውጤት ረቡዕ ይነገርዎታል፤ ወደ ሙምባይ የሚወስዳችሁ ባቡር ደግሞ ዓርብ ማታ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ሙሉ ቀን ለእኛ ተርፎልናል። «ልጄን ማየት ይበቃኛል፣ ከተማው ይቅር» ብለውኛል። ቃልዎን ሁልጊዜ የማከብር ብሆንም በዚህ አንድ ነገር ብቻ እንድከራከርዎት ይፍቀዱልኝ። ዕድሜዎን ሁሉ ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው እስከዚህ ድረስ ከመጡ በኋላ፣ አንድ ሐበሻ በባዕድ አገር ከ450 ዓመት በፊት ያሠራውን መስጊድ ሳያዩ ቢመለሱ ለእኔ ዘወትር የሚቆጨኝ ነገር ይሆናል። ይህን ደብዳቤ በስልክ ከመናገር ይልቅ ረጋ ብዬ መጻፌም፣ ቀኑን እንዴት እንዳሰናዳሁት አንብበው ፈቃድዎን እንዲሰጡኝ ነው።

ወንድሜ ከኢንተርኔት ለቅሞ የላከው ዝርዝር ደርሶኛል። ለእናንተ አስቦ ስለ ደከመ አመሰግነዋለሁ፤ ነገር ግን በአንድ ቀን ይታያሉ የተባሉትን ቦታዎች ሁሉ ላዳርስ ካልኩ፣ ከመኪና ወርዶ ፎቶ ተነሥቶ ወደ መኪና ከመመለስ ያለፈ ጉብኝት አይሆንልንም። እርስዎን ሐኪሙ ደረጃ እንዳያበዙ ከልክሎዎታል፣ እማዬም ጉልበቷን ያማታል። ስለዚህ አራት ቦታ ብቻ መርጫለሁ፤ ሦስቱንም ያሰለፍኳቸው ወደ አራተኛው ሳንደክም እንድንደርስ በሚያስችል መንገድ ነው።

ከብዙ ሰው ጋር የሚደረግ ጉብኝትም አለ። የከተማው ማዘጋጃ ቤት በየጠዋቱ ካሉፑር ከሚባለው ሰፈር፣ ከስዋሚናራያን ቤተ መቅደስ ተነሥቶ እስከ ጃማ መስጊድ የሚደርስ የእግር ጉዞ ያዘጋጃል። ወጣት እንግዳ ቢመጣብኝ ያለ ማመንታት የምልከው ወደዚያ ነው፤ አሕመዳባድ በ2017 እ.ኤ.አ. ከህንድ ከተሞች ቀድማ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ከተማነት የተመዘገበችውም ለእነዚያ ጠባብ ሰፈሮችዋና በእንጨት ቅርጽ ላጌጡት ቤቶችዋ ነው። ይሁን እንጂ ከሁለት ሰዓት በላይ በእግር መሄድን ስለሚጠይቅ ለእናንተ አይሆንም። አስጎብኚም አልቀጠርኩም። እርስዎ አንድ ነገር ሲያዩ ጥያቄዎ ብዙ እንደ ሆነ ስለማውቅ፣ በመካከላችን አስተርጓሚ ገብቶ ጨዋታው እንዲደርቅ አልፈለግሁም። ሁሉንም በአማርኛ እኔው አስረዳችኋለሁ።

መኪናውን በተመለከተ፣ እዚህ አገር መኪና ከነሾፌሩ ለቀን ሲከራይ የተለመደው ውል «8 ሰዓት፣ 80 ኪሎ ሜትር» የሚሉት ነው፤ ከዚያ ያለፈው ሰዓትም ሆነ መንገድ ተጨማሪ ይከፈልበታል። የእኛ መንገድ ተደምሮ 80 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ሰዓቱ ግን ሊያልፍ ስለሚችል የተጨማሪው ሰዓት ዋጋ ስንት እንደ ሆነ ከወዲሁ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ጠይቄአለሁ። የማቆሚያና የመንገድ ክፍያም ለብቻው ነው። ብዙ ሾፌሮች እንግዳ ሲይዙ ኮሚሽን ወደሚያገኙበት የጨርቅ መደብር ጎራ ማለትን ስለሚያዘወትሩ፣ ያለ እኛ ጥያቄ የትም ሱቅ እንዳይቆም አስቀድሜ እነግረዋለሁ። ይህን ሳያስረዱ የሚነሡ ሰዎች ግማሽ ቀናቸውን ምንጣፍ ሲገለጥላቸው ያሳልፋሉ።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ልጻፍልዎት። ጠዋት በ3 ሰዓት ከቤት ተነሥተን መጀመሪያ ወደ አዳላጅ እንሄዳለን፤ ከከተማው በስተሰሜን 18 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዳላጅ በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተሠራ የውኃ ጕድጓድ ነው፤ ጕድጓድ ስል ግን ገመድ የሚጣልበትን አያስቡብኝ። ወደ ምድር ውስጥ አምስት ፎቅ የሚወርድ፣ በየፎቁ በተጠረቡ ዓምዶች የተደገፈ አዳራሽ ያለው ሕንፃ ነው። ሩዳ የምትባል ንግሥት፣ ባሏ የጀመረውንና በጦርነት ሲሞት የቀረውን ጕድጓድ ባሏን የገደለው ሱልጣን ማኅሙድ ቤጋዳ እንዲያስጨርስላት፣ ሲያልቅም ልታገባው ቃል እንደ ገባች፣ ሥራው በተፈጸመ ጊዜ ግን ዘልላ ውኃው ውስጥ እንደ ገባች በአፈ ታሪክ ይነገራል። ወደ ታች መውረድ አያስፈልግዎትም፤ የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ተቀምጠው ወደ ውስጥ ሲመለከቱ ፎቆቹ እርስ በርሳቸው ተደራርበው ይታያሉ፣ ከታች የሚመጣውም አየር ፊትን ያቀዘቅዛል።

ከዚያ ስንመለስ ከሳባርማቲ ወንዝ ዳር በሚገኘው የማኅተማ ጋንዲ መኖሪያ እንቆያለን። መግቢያው በነጻ ነው፣ ግቢውም ጥላና መቀመጫ የሞላበት ነው። ጋንዲ ከ1917 እስከ 1930 እ.ኤ.አ. የኖሩት እዚህ ነው፤ የእንግሊዝን የጨው ሕግ ለመጣስ ከ78 ተከታዮቻቸው ጋር ወደ ዳንዲ የባሕር ዳርቻ በእግር የተነሡትም መጋቢት 12 ቀን 1930 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ግቢ ነው። ህንድ ነጻ ሳትወጣ ወደዚህ ላለመመለስ ተስለው ሄዱ። ይህን ለተማሪዎችዎ ምን ጊዜም በቃልዎ ይተርኩት ስለ ነበር እዚያ ቆመው እኔ የማስረዳዎት ሳይሆን እርስዎ የሚያስረዱኝ ይመስለኛል። እማዬን ግን የሚይዛት ሌላ ነገር ነው። ጋንዲ በኖሩባት ዝቅተኛ ቤት በረንዳ ላይ፣ ጥጥ የሚፈትሉበት መዘውር ይታያል፤ አንዳንድ ቀንም አንድ ሰው ተቀምጦ ሲፈትልበት ይገኛል። እማዬ እንዝርቷን እያሾረች ለነጠላችን ስትፈትል ያደግሁ ልጅ ነኝና፣ የአንድ አገር ነጻነት ምልክት የሆነው የእሷው የዕለት ሥራ መሆኑን በዐይኗ እንድታይ በጣም እፈልጋለሁ። እዚያ ሰዓት አንቆጥርባትም።

ምሳው ብዙ ያሳሰበኝ ነገር ስለ ሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። የምትመጡት በጾመ ነቢያት ነው። ጉጃራት ሥጋ የማይበላ ሕዝብ የበዛበት አገር ስለ ሆነ የጾም ምግብ እንደ ልብ ይገኛል ብለው የሚነግሩዎት ይኖራሉ፤ እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ሥጋና እንቁላል የማያቀርበው ምግብ ቤት ራሱ ቂጣውን፣ ሮትሊ የሚሉትን፣ ከምጣዱ ሲያወጣ ቅቤ ይቀባዋል፤ ሩዙ ላይም ቅቤ ያፈስሳል፣ ከምግቡ ጋር አሬራ ያቀርባል፣ ጣፋጩም አብዛኛውን ጊዜ ከወተት የተሠራ ነው። ስለዚህ «አትክልት ብቻ» ማለት አይበቃም፤ «ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እርጎ» ብሎ አንድ በአንድ መቁጠር ያስፈልጋል። እኔ የምበላበት ትንሽ ቤት ጾማችንን ስለሚያውቅ ደረቅ ሮትሊ፣ በዘይት የተሠራ የምስር ወጥና በብርዱ ወራት ብቻ የሚገኘውን ኡንዲዩ የተባለ የአትክልት ድብልቅ እንዲያዘጋጅልን ነግሬዋለሁ። የምስር ወጣቸው ስኳር ስለሚገባበት ለእርስዎ ላይጥም ይችላል፤ ትንሽ ሚጥሚጣ በብልቃጥ ብትይዙ ይበጃል። ከምሳ በኋላ ቤቴ ገብታችሁ ጋደም ትላላችሁ፣ መኪናው ይጠብቀናል።

በ9 ሰዓት ወደ አሮጌው ከተማ እንገባለን። መኪናው ዳር ላይ ይቆምና በባጃጅ እንሄዳለን፤ መንገዱ ላሞችም ጋሪም ሞተር ብስክሌትም ስለሚጋፉበት በእግር መሻገር ለለመደውም ያስቸግራል። በ1424 እ.ኤ.አ. የተሠራውንና 260 ዓምዶች ያሉትን ጃማ መስጊድ ከሰፊው ቅጥር ግቢ ሆነን እናየዋለን። እማዬ ጨርቅ መግዛት ከፈለገች በአጠገቡ ራኒ ኖ ሃጂሮ የሚባለው የንግሥታት መካነ መቃብር አለ፤ ዙሪያው የሴቶች ልብስ ገበያ ስለ ሆነ ከየትኛውም መደብር ይሻላታል። በዚህ ብዙ አንቆይም።

አራተኛው ቦታ የሲዲ ሰይድ መስጊድ ነው። እዚያ ልክ በ10 ሰዓት እንድንደርስ የፈለግሁበትን ምክንያት ልንገርዎት። ሌሎች ጎብኚዎች ለመንገድ ስለሚመቻቸው ጠዋት አሥር ደቂቃ ቆመው ያልፉታል፤ የመስጊዱ ዝና ያለው ግን በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ባሉት፣ ጃሊ በሚባሉት የድንጋይ መስኮቶች ነው። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ብርሃኑ በመስኮቶቹ ቀዳዳ ሁሉ ተንጠፍጥፎ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ዓርብ ያልሆነውን ቀን የመረጥኩትም በጸሎት ብዛት እንዳንከለከል ነው።

መስኮቶቹ ከሰው ቁመት የሚበልጡ፣ በላያቸው ቅስት የሆኑ ናቸው። ብዙዎቹ እንደ መሶብ ስፌት በአራት ማዕዘንና በኮከብ ቅርጽ የተከፋፈሉ ሲሆኑ፣ ከመካከለኛው ቅስት ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ግን ከሁሉ ይለያሉ። ቀጭን ግንድ ከታች ይነሣል፣ ቅርንጫፎቹ እየተጠማዘዙና እርስ በርስ እየተቆላለፉ ቅስቱን ሞልተው ይወጣሉ፣ በመካከላቸው የዘንባባ ዛፍ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ይህ ሁሉ ከቢጫማ የአሸዋ ድንጋይ የተፈለፈለ ነው። ቀረብ ብለው ሲያዩት እያንዳንዷ ቅጠል ጫፏ ድረስ ተጠርባ፣ ከኋላዋ ያለው ሰማይ ይታያል። በህንድ ስሙ የገነነው የአሕመዳባድ የአስተዳደር ትምህርት ተቋም አርማውን የወሰደው ከዚህ መስኮት ነው። መካከለኛው ቅስት ግን መስኮት የለውም። ሰሜን ህንድን ይገዛ የነበረው የሙጋል ሥርወ መንግሥት ንጉሥ አክባር ጉጃራትን የያዘው መስጊዱ በተሠራበት በ1572 እና በ1573 እ.ኤ.አ. መካከል ስለ ሆነ፣ ሥራው በዚያ ሳይፈጸም እንደ ቀረ ይነገራል።

ሲዲ ሰይድ ማን ነበር ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። ሲዲ ወይም ሐብሺ እዚህ ከአፍሪካ ለመጡ ሰዎች የሚሰጥ መጠሪያ ነበር። ሲዲ ሰይድ በመጨረሻው የጉጃራት ሱልጣን ዘመን ከአንድ የጦር አለቃ ወገን የነበረ ሐበሻ ነው። ከእኛ አገር ሰዎች ተነጥቀው ወይም ተሸጠው ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ዓረብ አገርና ወደ ህንድ ይወሰዱ ነበር፤ በጉጃራትና ዴካን በሚባለው የደቡብ ህንድ ደጋ ያሉ ሱልጣኖች ለወታደርነትና ለዘብነት ስለሚፈልጓቸው፣ አንዳንዶቹ ነጻ ወጥተው የጦር አዛዥና የግዛት ባለቤት እስከ መሆን ደርሰዋል። በ1626 እ.ኤ.አ. የሞተውና የሙጋሎችን ጦር ለዓመታት የተቋቋመው ማሊክ አምባርም ከእነዚሁ አንዱ ነው፤ የእሱ አገር ግን በዴካን ያለው አሕመድናጋር ስለ ሆነ ከዚህ ከተማ ጋር እንዳንቀላቅለው። ድንጋዩን የጠረቡት እጆች የጉጃራት ጠራቢዎች መሆናቸውን ከአካባቢው ቤተ መቅደሶች ሥራ ጋር ያለው ዝምድና ያሳያል፤ ያሠራው፣ ስሙም እስከ ዛሬ የሚጠራበት ግን ከእኛ ወገን የመጣ ሰው ነው። አባቴ፣ እኔ በሰው አገር ስኖር በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ልቤ ይጸናል፤ ይህንንም ለማንም ሳይሆን ለእርስዎ መናገር እፈልግ ነበር።

እማዬ በጾሟ ወደ መስጊድ መግባት ቢከብዳት ቅር አይለኝም። መስኮቶቹ ከውጭ፣ ከመስጊዱ በስተኋላ ካለው ስፍራም ጎልተው ስለሚታዩ እዚያ ወንበር አስቀምጬ አብሬያት እቆያለሁ፤ እርስዎ ግን ወደ ውስጥ ይግቡ።

ለዕለቱ የሚያስፈልጋችሁ ብዙ አይደለም። በየቦታው ጫማ ስለሚወለቅ ለመክፈትና ለመዝጋት የሚቀል ጫማና ወፍራም ካልሲ ያምጡ፤ የእማዬ ነጠላ ራሷን ለመሸፈን ይበቃል። መድኃኒትዎ ከሻንጣ ሳይሆን ከኪስዎ ይሁን። ጎረቤት በፍቅር «ለልጁ አድርሱለት» ብሎ አረቄ ቢሰጣችሁ ግን አትቀበሉ፤ ጉጃራት መጠጥ በሕግ የተከለከለበት ግዛት ስለ ሆነ ፍተሻ ላይ ችግር ያመጣባችኋል። በምትኩ በርበሬና ሽሮ ብታመጡልኝ ደስ ይለኛል።

ለመኪናው ቀብድ የምከፍለው በመጪው ሳምንት መጨረሻ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሐሙስን እንደ ጻፍኩት እንድናሳልፍ ፈቃድዎን በወንድሜ በኩል ያሳውቁኝ። እማዬን፣ ወንድሜንና ልጆቹን በሙሉ ሳሙልኝ። በሰላም ያገናኘን።

አክባሪ ልጅዎ