ሐጂ የትኛው ሳጥን ውስጥ ይግቡ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ደሴ ውስጥ መጠይቅ ሳይሞላ የተረፈ ሰው እድለኛ ነው። ተማሪዎቹ ወረቀት ታቅፈው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ይዙሩ፣ እሰየው። እኔን የከነከነኝ የሰዉን «የሥነ ምግባር እድገት ደረጃ» እንለካለን ብለው የመጡት ናቸው።

መጠይቁ ላይ ያለው ታሪክ ሃይንዝ ስለሚባል ሰው ነው። ሚስቱ በካንሰር ልትሞት ነው፤ መድኃኒት ቀማሚው 200 ዶላር ያወጣበትን መድኃኒት 2,000 ካላመጣህ አልሰጥም ይላል፤ ባል ዞሮ ተበድሮ ያገኘው ግማሹን ነው። ይስረቅ ወይስ አይስረቅ? ጎረቤቴ ሐጂ እስከ መጨረሻው አዳመጡና «ይሄ ሰውዬ ቅሬ (የእኛ አገር እድር) የለውም እንዴ? መድኃኒት ቀማሚው ዘንድስ ሽማግሌ ልኳል?» አሉ። መጠይቁን ያመጣችው ልጅ ግራ ገባት። ወረቀቱ ላይ ያለው ሦስት ሳጥን ብቻ ነው፦ ይስረቅ፣ አይስረቅ፣ መወሰን አልችልም። «አባባ፣ ግዴለም አንዱን ይምረጡልኝ» አለቻቸው። ሦስተኛው ላይ ምልክት ተደረገና ሄደች።

ይሄን የደረጃ መለኪያ ያመጣው የሥነ ልቦና ምሁር ላውረንስ ኮልበርግ እንዲህ አላደረገም። እ.ኤ.አ. በ1958 ለዶክትሬቱ ልጆቹን ቁጭ አድርጎ «ለምን?» እያለ ነው ያወጣጣቸው። ይስረቅም አሉ አይስረቅ፣ ደረጃው የሚወጣው ከምክንያታቸው ነው፤ ቅጣት ፈርቶ የሚለው ታች፣ ሕግ ይከበር የሚለው መሐል፣ የሰው ነፍስ ከንብረት ይበልጣል ብሎ ከመርህ የሚነሳው ላይ፣ በድምሩ 6 ደረጃ።

ሳጥኑን ያመጣው ከኮልበርግ በኋላ የመጣው ተመራማሪ ጄምስ ሬስት ነው። እሱ ግን በሳጥኑ አላበቃም። ከየታሪኩ ሥር 12 ሐሳብ ደርድሮ መላሹን ያስመዝነዋል፣ ከዚያ የበለጡትን 4 በቅደም ተከተል ያስመርጠዋል። ከ12ቱ መሐል ደግሞ ሲሰሙ የሚያምሩ፣ ሲጨምቋቸው ጠብ የማይል ዓረፍተ ነገሮች ሸጉጧል፤ እነሱን ያበዛ ሰው ወረቀቱ ይጣላል። (ለስብሰባዎቻችንም በዋለ!) እኛ ሰፈር የመጣው መጠይቅ 12ቱን ቆርጦ ሳጥኑን ብቻ አስቀርቷል። «ለምን» የሚጻፍበት አንድ መስመር እንኳ የለውም።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ተመራማሪው ጆን ስናሬይ እ.ኤ.አ. በ1985 በ27 አገሮች የተሠሩ 45 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ፣ የላይኞቹ ደረጃዎች በገጠርና በባህላዊ ማኅበረሰቦች የሉም ማለት ይቻላል፤ እሱ ግን ሰዎቹ ዝቅ ስላሉ ነው ብሎ አልደመደመም፣ መለኪያው በጋራ መኖርን መሠረት ያደረገ አስተሳሰብን አይይዝም ነው ያለው። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑና እስላሙ አብሮ ቅሬ ይገባል፣ ደም ሲፈስ አባጋር የሚባለው አስታራቂ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃል። የሐጂ ጥያቄ ከዚያ የመጣ ምክንያት እንጂ መልስ ማጣት አይደለም። ነገ ግን ጥናቱ ላይ «መወሰን ያቃታቸው» ተብለው ፐርሰንት ይወጣላቸዋል።

ብዙ ሰው በሳጥን ከማስሞላት ጥቂቱን አስቀምጦ ማነጋገርና መልሱን በራሱ ቃል መጻፍ ይሻላል። አድካሚ ነው፣ አውቃለሁ። ልጅቷ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ የተሰጣትን ነው የያዘችው። ያንን ወረቀት አይቶ ያጸደቀው አማካሪ ግን እዚሁ ጋዜጣ ላይ መልስ ቢሰጠኝ ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ