የእግረኛው መንገድ የት ጋ ነው የሚቆረጠው?

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትራንስፖርት ቢሮ

ጉዳዩ፦ የሰፈር ውስጥ የእግረኛ መንገዶች ተለክተው በካርታ እንዲሰፍሩ ስለመጠየቅ

ክቡር የቢሮው ኃላፊ፣

ባለፈው ክረምት እናቴን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ጉልበቷን ስለሚያማት በከዘራ ነው የምትራመደው። በመኪና አምስት ደቂቃ የማይሞላው መንገድ አርባ ደቂቃ ፈጀብን። አንዱ ቱቦ ሊቀብር ቆፍሮ አፈሩን እንደከመረው ሄዷል፤ ማን እንደሆነ ሰፈሩ ውስጥ የሚያውቅ የለም። ከዚያ አለፍ ብሎ ክዳን የሌለው ማንሆል አለ፤ ሰው እንዳይገባበት የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቆሞበታል። ያንን ቅርንጫፍ ያቆመው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ለእኔ የሰፈራችን የመጀመሪያው የእግረኛ መንገድ መረጃ ሰብሳቢ ነው።

እናቴ ስድስት ጊዜ ወደ አስፋልቱ ወረደች። በመጨረሻ «ልጄ፣ ተወው፤ በመኪናው እንሂድ፣ እሱ ይሻላል» አለችኝ። ታክሲ እንያዝ ማለቷ መስሎኝ ነበር። በመኪናው መንገድ ላይ በእግራችን እንሂድ ማለቷ ነው።

በዚህች ከተማ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር እንደሆነ፣ በመኪና አደጋ ከሚሞቱትም አብዛኞቹ እግረኞች እንደሆኑ ለቢሮዎ መንገር አያስፈልገኝም። ከተማዋ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት፤ በ2011 ዓ.ም. መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ የሚለቀቅበት «መንገድ ለሰው» ሲጀመርም ልጆቻችን አስፋልት ላይ ኳስ ተጫውተዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱ በደረሰበት፣ ለምሳሌ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ፣ በእግር መሄድ ደስ ይላል። ይህን መካድ ንፉግነት ነው። የእኔ ጥያቄ የሚጀምረው ከኮሪደሩ ታጥፈን ወደ ውስጥ ስንገባ ነው።

ስለ መንገድ ሲወራ የምንሰማው ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህን ያህል ተሠራ፣ ይህን ያህል ተመረቀ። እግረኛ ግን የሚቸገረው በምትቆረጠዋ ቦታ ነው። 800 ሜትር ደህና መንገድ መሃል ላይ ፖሉና አጥሩ 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ካስተረፉ፣ ዊልቸር ለሚጠቀም ሰው መንገዱ እዚያ አለቀ። ዊልቸር እንደልብ ለማለፍ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ይፈልጋል። 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠርዝ ለእኔ አንድ እርምጃ ነው፤ ለእናቴ ሰው መደገፍ ነው፤ ዊልቸር ላይ ላለው ደግሞ ግድግዳ ነው። በጠርዙ ላይ ራምፕ ቢኖር እንኳ ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ካልተሰጠው ብቻውን የሚወጣው የለም። ስለዚህ የሚለካው የመንገዱ አማካይ ስፋት ሳይሆን በጣም የጠበበችው ቦታ ትሁን።

ከሰፈራችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር ሁለት ቅዳሜ ሞክረነዋል። መሣሪያችን አንድ ሜትሮ፣ ስልክና ደብተር ነበር። ጠባቡን ቦታ፣ የጠርዙን ከፍታ፣ ወለሉ ኮብልስቶን ይሁን ኮንክሪት ወይስ ጭቃ፣ ክዳን ያጣውን ማንሆል፣ ማታ መብራት የሌለበትን መዝግበን ማንም ሰው ሊያየውና ሊሞላው በሚችለው የኢንተርኔት ካርታ፣ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ማስገባት ጀመርን። ይህ ካርታ የእግረኛውን መንገድ ከአስፋልቱ ለይቶ በራሱ መስመር ለማስፈር ያስችላል። አሜሪካ ውስጥ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚመራ አንድ ፕሮጀክት በጎ ፈቃደኞች ቤታቸው ሆነው የመንገድ ፎቶ እያዩ የጎደለውን ራምፕና የተሰበረውን ወለል እንዲያመለክቱ ያደርጋል። ብልህ ሥራ ነው፤ ለእኛ ግን ፎቶ ብቻውን አይበቃም። አዲስ አበባ በየወሩ ትፈርሳለች፣ ትሠራለች፤ የዓምናው ፎቶ ላይ ያለው መንገድ ዘንድሮ የለም። በእግር መዞር ግድ ነው።

አንድ ነገር ላይ ተማሪዎቹ ተከራክረውኛል። ጉሊት የዘረጋችውን እናት እንደ እንቅፋት እንመዝግባት ወይ? እኔ እምቢ አልኩ። የግንባታ አሸዋና እግረኛው መንገድ ላይ የቆመ መኪና ይመዝገብ። የእሷ ስም ግን በእኛ ካርታ በኩል ደንብ አስከባሪ ዘንድ እንዲደርስ አልፈልግም። ቢሮዎም መረጃውን ሲሰበስብ ይህን አስቀድሞ ቢወስን እመርጣለሁ፤ መረጃ ለምን እንደተሰበሰበ ይረሳና ለሌላ ነገር ይውላል።

ከቢሮዎ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንድ ወረዳ መርጣችሁ ጀምሩ፤ ልኬቱን ዓይነ ስውራንና ዊልቸር ተጠቃሚዎች አብረው ይሥሩት፤ ውጤቱ መሳቢያ ውስጥ ሳይቀር ማንም እንዲያየው ይለቀቅ። የእግረኛ መንገድ የሚቆፍር ሁሉም የከፈተበትንና የዘጋበትን ቀን በዚያው ካርታ ላይ ያስመዝግብ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት ብቻ ተናግሮ አያቆምም፤ በአንቀጽ 31 መረጃ መሰብሰብንም ግዴታ ያደርጋል።

የእኛን ልኬት ዛሬውኑ ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ። ማንሆሉም ተመዝግቧል። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ቅርንጫፉ ደርቋል፤ ሌላ ሰው አጠገቡ አዲስ አቁሞበታል።

ከሰላምታ ጋር
አንድ እግረኛ

ግልባጭ፦
መንገድ ቆፍሮ ለሚሄድ ሁሉ